ከማትሪክ እስከ ጋዜጣ ኪራይ

አራት ኪሎ፣ ከሚያዝያ 27 የድል ሐውልት ፈቀቅ ብሎ፣ ጋዜጣ የሚያከራዩ ልጆች ነበሩ። ተከራዩ አብዛኛውን ጊዜ ወጣት ነው፤ የፊት ገጹን ዜና ዘልሎ በቀጥታ ወደ ክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያው ይሄዳል። ድንጋይ ላይ ወይም አጥር ሥር ተቀምጦ፣ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ አድራሻና ስልክ ይገለብጣል፤ ሲጨርስ ጋዜጣውን ሳይጨማድድ አጥፎ ለባለቤቱ ይመልሳል። እኔም ከተመረቅሁ በኋላ ያለውን ክረምት ያሳለፍሁት እዚያው ነው። ዓይናችን የሚፈልገው «የሥራ ልምድ፦ 0 ዓመት» የሚለውን መስመር ነበር። ያገኘው ሰው አጠገቡ ላለው ጓደኛው በጣቱ ጠቁሞ ያሳየዋል እንጂ ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ ተወዳዳሪ ይበዛበታልና።

ከዚያ ድንጋይ ጥቂት እርምጃ ርቆ ያለው ግቢ የአገሪቱ ዘመናዊ ከፍተኛ ትምህርት የተጀመረበት ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በታኅሣሥ 1943 ዓ.ም. በካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል በዶክተር ሉሲየን ማት መሪነት ሲከፈት 33 ተማሪዎች ነበሩት። እነዚያ 33 ሰዎች ሥራ መፈለግ ምን እንደሆነ አላወቁም፤ ሥራው ራሱ እነሱን ይፈልጋቸው ነበር። በዚያው አደባባይ፣ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ፣ ይህ እንዴት ተገለበጠ? የዩኒቨርሲቲውን ታሪክ በፕሬዚዳንቶቹና በተማሪው ንቅናቄ በኩል የጻፉት ብዙ ናቸው። እኔ የማየው ግን በሁለት በሮቹ በኩል ነው፤ በሚገባበትና በሚወጣበት።

መንግሥት በዚያን ጊዜ የተማረ ሰው የራበው ያለ ምክንያት አልነበረም። ከጣሊያን ወረራ በፊት ውጭ አገር ተምረው የተመለሱት ወጣቶች ጥቂት ነበሩ፤ ከእነሱም ብዙዎቹ በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በነበሩት ቀናትና ወራት እየተለቀሙ ተገደሉ። የዚያ ጭፍጨፋ ሰማዕታት ሐውልት ዛሬ በስድስት ኪሎ፣ ከዩኒቨርሲቲው ዋና በር ፊት ለፊት ቆሟል። በየቀኑ የሚያልፉት ተማሪዎች ሐውልቱ ከእነሱ ግቢ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ቢነገራቸው ደስ ይለኛል፤ ኮሌጁ የተከፈተው የዚያን ትውልድ ክፍተት ለመሙላትም ነበርና። ከነፃነት በኋላ ሚኒስቴሮች ቢቋቋሙም ጸሐፊው፣ አማካሪው፣ መሐንዲሱ፣ መምህሩ በብዛት የውጭ አገር ሰው ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ምሩቃን በ1946 ዓ.ም. ሲወጡ ወንበሩ ተዘጋጅቶ ይጠብቃቸው ነበር።

መግቢያው ግን ጠባብ ነበር፤ ያጠበበው የወንበር ብቻ ሳይሆን የተማሪም እጥረት ነው። ሁለተኛ ደረጃን እስከ መጨረሻው የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች ከጣት ቁጥር ብዙ አይበልጡም ነበር፦ ኮተቤ ያለው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ ጄኔራል ዊንጌት፣ ተፈሪ መኮንንና ጥቂት ሌሎች። ቀደምቶቹ የሚፈተኑት የለንደንን ማትሪኩሌሽን ነበር። ፈተናው በኋላ በአገር ውስጥ የትምህርት መልቀቂያ ፈተና ሲተካም ስሙ አልለቀቀም፤ ሕዝቡ «ማትሪክ» እያለ አኖረው። «ማትሪክ ስንት አመጣ?» የሚለው ጥያቄ የልጁን ብቻ ሳይሆን የእናቱን፣ የመንደሩን፣ የዕድሩን ክብር የሚነካ ጥያቄ ሆነ።

በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተመረቀ። ዓመት ቀደም ብሎ በታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ደም የፈሰሰበትን የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ንጉሠ ነገሥቱ ለትምህርት ሰጡት። በየቦታው ተበታትነው የነበሩት ኮሌጆች በአንድ ጥላ ሥር ገቡ፤ የአራት ኪሎው፣ የአምስት ኪሎው ምህንድስና፣ የሕንፃ ኮሌጁ፣ የጎንደሩ የጤና ጥበቃ ኮሌጅ፣ በኋላ የኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ከተባለው የአሜሪካ ኮሌጅ ጋር በተደረገ ውል የተቋቋመው የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ። በ1956 ዓ.ም. የሕግ ፋኩልቲ ተጨመረ። ጎንደርና ዓለማያ በተለይ ልብ ሊባሉ ይገባል፤ ሁለቱም ሲቋቋሙ ምሩቁ የሚሠራው ሥራ አስቀድሞ ታውቆ ነበር። ጎንደር ለወረዳው ጤና ጣቢያ የሚሆን ባለሙያ ያወጣል፤ ዓለማያ ለገበሬው የሚደርስ ባለሙያ። ይህ ዓይነቱ ስሌት ኋላ ላይ ከእጃችን ወጥቷል ብዬ አምናለሁ።

በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎትም የመውጫው በር አንድ ክፍል ነበር። ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወርዶ ያገለግላል፤ አብዛኛው በአስተማሪነት። ከአዲስ አበባ ውጭ ረግጦ የማያውቅ ልጅ ጭሰኛን በዓይኑ አየ፤ «መሬት ላራሹ» ብሎ የጮኸው ትውልድ እዚያም የተማረው ነገር ነበረው። በሥራ ዓይን ካየነው ደግሞ አገልግሎቱ ዛሬ ማስታወቂያው ሁሉ የሚጠይቀውን «የሥራ ልምድ» ከዲግሪው በፊት ይሰጥ ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ ደሴ ወይም ጎባ ያስተማረ ምሩቅ ቀጣሪው ፊት ባዶ እጁን አይቀርብም።

ገብቶ መቆየትም ራሱን የቻለ ፈተና ነበር። ማትሪክን በጥሩ ነጥብ አልፎ፣ ሰፈሩ ድግስ ደግሶለት፣ ሻንጣውን ይዞ የመጣ ፍሬሽማን የመጀመሪያው መንፈቅ ውጤት ሲለጠፍ ስሙን በተባረሩት ዝርዝር ውስጥ ሊያገኘው ይችላል። ጊዜው ከገና ጋር ስለሚቀራረብ እነዚህን ልጆች «ክሪስማስ ግራጁዌት» ይሏቸው ነበር። ተማሪው ያወጣው ስም ነው፤ ሳቅ ቢመስልም ውስጡ ፍርሃት አለበት። ከእነዚያ መካከል አንዳንዱ በኀፍረት ቤቱ ሳይመለስ አዲስ አበባ ውስጥ እንደ ቀረ ከታላላቆቻችን ስንሰማ አድገናል። ዩኒቨርሲቲው ግን በዚህ ይኮራ ነበር። ብዙ የሚጥል ተቋም ጠንካራ ተቋም ነው የሚለው አስተሳሰብ ከዚያ ዘመን ጀምሮ አብሮን አለ፤ እኔ ግን የጣለውን ብዛት የጥንካሬ ማስረጃ አድርጎ መቁጠር ትክክል ነው ብዬ ተቀብዬ አላውቅም። የወደቀው ልጅ ለምን ወደቀ? በእንግሊዝኛ የሚሰጠው ትምህርት ነው? የመጣበት ትምህርት ቤት ነው? ምግብና ማደሪያ ነው? ይህ ተጠንቶ ለመምህሩ ተመልሶ የሚነገርበት ልማድ አልዳበረም።

የመውጫው በር የመጀመሪያ ስንጥቅ የታየው በ1960ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። 12ኛ ክፍል ጨርሰው ዩኒቨርሲቲ ያልገቡ ወጣቶች በከተማው መብዛት ጀመሩ፤ የቢሮው ወንበርም በፊተኞቹ ምሩቃን ተይዟል። መንግሥት ያስጠናው የትምህርት ዘርፍ ግምገማ ለብዙኃኑ አጭርና መሠረታዊ ትምህርት እንዲሰፋ፣ የላይኛው እርከን እንዲገታ ሐሳብ አቀረበ። ወላጁና መምህሩ የሰሙት ግን «የድኻ ልጅ በአራተኛ ክፍል ይብቃው» የሚል ሆኖ ነው። በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ ሲያቆሙ ከጥያቄዎቻቸው አንዱ ይኸው ነበር። ዙፋኑም በመስከረም 1967 ዓ.ም. ወደቀ። ዲግሪ በዚህ አገር እንጀራ ብቻ ሳይሆን የድኻው ልጅ ብቸኛ መሰላል ተደርጎ ይታይ እንደነበር ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ነገር አላውቅም።

ደርግ በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ተማሪውንና መምህሩን በእድገት በሕብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ላከ፤ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ። ከዚያ የቀይ ሽብሩ ዘመን መጣና የዚያን ባች ስንቱን እንደበላው ቤተሰብ ሁሉ ያውቀዋል። ትምህርቱ ሲመለስ ሁለቱም በሮች በአንድ እጅ ተያዙ። የትኛው ተማሪ የት እንደሚማር መንግሥት ይመድባል፤ ሲመረቅም የት እንደሚሠራ መንግሥት ይመድባል። ምሩቁ የሚጠብቀው ማስታወቂያ አልነበረም፤ የምደባ ደብዳቤ ነበር። የአንደኛ ዲግሪ መነሻ ደመወዝ 500 ብር ነበር፤ ለረጅም ዓመታትም ሳይነካ ቆየ። ብሩ ከዶላር ጋር በ2.07 ታስሮ ስለነበር በይፋው ምንዛሪ 241 ዶላር ገደማ ይመጣል። ምንዛሪው በመንግሥት የተያዘ መሆኑን አልዘነጋሁም፤ ሆኖም በ1967ቱ አዋጅ የቤት ኪራይ በቀነሰበት ከተማ 500 ብር ትዳር ይመሠረትበት፣ ታናናሾች ይማሩበት ነበር። በዚያ ዘመን የተመረቁ ሰዎች ስለ ነፃነት ሲጠየቁ አንገታቸውን ይደፋሉ፤ ስለ ደመወዛቸው ሲጠየቁ ግን ቀና ይላሉ።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ስለ ምሩቅ ገቢና ስለ ቅጥር የሚጠይቅ አልነበረም፤ መልሱ የታወቀ ነበርና። አስገቢውም ቀጣሪውም መንግሥት ሲሆን፣ የምሩቁ ገቢ በደመወዝ እርከን ሠንጠረዥ ላይ ተጽፎ ያለ ቁጥር ነው። ዩኒቨርሲቲው የመግቢያ ነጥብን መቁጠር ሲለምድ የመውጫውን ዕድል መቁጠር ሳይለምድ የቀረው በዚህ ምክንያት ነው። ችግሩ መንግሥት ቀጣሪነቱን ሲተው ያንን ቆጠራ የተረከበ አለመኖሩ ነው።

የተወውም ብዙ ሳይቆይ ነው። ከ1983ቱ ለውጥ በኋላ ምደባው ለአብዛኛው ሙያ ቆመ። በ1985 ዓ.ም. መጀመሪያ ብር ከ2.07 ወደ 5 ወረደ። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ከ40 በላይ የዩኒቨርሲቲው መምህራን ተባረሩ፤ ግቢው ከዚያ ጉዳት ለማገገም ዓመታት ፈጅቶበታል። ለምሩቁ ግን የዘመኑ ትልቅ ለውጥ ሌላ ነበር፤ የምደባ ደብዳቤው ቀርቶ በምትኩ ጋዜጣ መጣ። አራት ኪሎ የጋዜጣ ኪራይ ገበያ የሆነው እንዲህ ነው። ወረቀት መግዛት ያልቻለ ዲግሪ ያለው ሰው በሳንቲም ተከራይቶ ያነብባል።

ሐኪሞቹ ግን ለረጅም ጊዜ በአሮጌው ሥርዓት ቆዩ። በዕጣ ወደየክልሉ ይመደቡ ነበር፤ የግዴታ ዘመናቸውን እስኪጨርሱ ዋናው ማስረጃቸው አይሰጣቸውም ነበር። ማትሪክ ላይ ከአገሩ የመጨረሻውን ከፍተኛ ነጥብ ያመጡ ልጆች ናቸው። ዩኒቨርሲቲው ሊኮራባቸው የሚገባ እነሱ ሆነው ሳለ የደመወዝ ጥያቄያቸው በ2011 ዓ.ም. ጎዳና ላይ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ሥራ ማቆም ላይ አደረሳቸው። የመግቢያ ፉክክር የመውጫ ገቢን ያስከትላል የሚለውን እምነት በዚህ አገር ከሐኪሞች ታሪክ የበለጠ የሚያፈርሰው የለም። ከፍተኛው ነጥብ ከፍተኛውን ደመወዝ አላመጣም፤ ያመጣው ከሆነም ያመጣው ባሕር ማዶ ነው።

ቀጥሎ የመጣው መስፋፋት ነው። ኤርትራ ስትለይ የአስመራው ዩኒቨርሲቲ አብሮ ሄዶ ለአገሪቱ የቀሩት አዲስ አበባና ዓለማያ ብቻ ነበሩ። በ1992 ዓ.ም. አካባቢ ባሕር ዳር፣ ጅማ፣ መቀሌና ደቡብ ተጨመሩ፤ ከዚያ ጎንደርና አርባ ምንጭ፤ ከሚሌኒየሙ ዋዜማ ጀምሮ ደግሞ 13 በአንድ ጊዜ። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከ40 በላይ ናቸው። መስፋፋቱን ከሚነቅፉት ወገን አይደለሁም፤ ሰመራና ሚዛን ያለ ልጅ ስድስት ኪሎን ብቻ እያየ መኖር አልነበረበትም። ቅር የሚለኝ ዕቅዱ የተሠራበት መንገድ ነው። 70 በመቶው ተማሪ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30ው ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲሆን በ2000 ዓ.ም. ሲወሰን ቁጥሩ የመግቢያ ቁጥር ነበር። ሰባ መሐንዲስ የሚቀጥር ፋብሪካ አለ ወይ የሚለው የመውጫው ጥያቄ ኋላ ቀረ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ምሩቃን በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅተው ኮብልስቶን ሲያነጥፉ አየን። በእጅ መሥራት ክብር ነው፤ ይህን ለማለት ግን ለዓመታት ስለ ኮንክሪት ጥንካሬ የተማረን ልጅ ድንጋይ መጥረብ ላይ ማየት አያስፈልግም ነበር። ዲግሪያቸውን ሳጥን ውስጥ ቆልፈው ለቤት ሠራተኝነት ወደ አረብ አገር የሄዱ እህቶችም የዚሁ ታሪክ አካል ናቸው።

በዚሁ ዘመን የወጪ መጋራት መጣ። በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ በወጣው ደንብ ተማሪው የትምህርቱን ወጪ 15 በመቶ፣ የምግብና የማደሪያውን ደግሞ ሙሉውን ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ እንዲከፍል ይዋዋላል። ተማሪው ውሉን ሲመዘገብ ይፈርማል፤ ሲመረቅ «ቴምፖ» የሚባለው ጊዜያዊ ማስረጃ ተሰጥቶት ዋናው ዲግሪ ክፍያው እስኪያልቅ ይቆያል። ብዙ ሰው ይህን እንደ ሸክም ብቻ ያየዋል፤ ለእኔ የሚታየኝ ሌላ ነገርም አለ። ክፍያው ከደመወዝ ላይ የሚቆረጥ ከሆነ ማን፣ በስንት ዓመቱ፣ በየትኛው ሙያ፣ በስንት ብር እንደተቀጠረ የሚያሳይ መዝገብ ይኖራል ማለት ነው። ስሙ ተሰርዞ፣ በዲፓርትመንትና በዓመት ተደምሮ ቢወጣ፣ ለ12ኛ ክፍል ተማሪ ምርጫ ከማንኛውም ምክር ይበልጥ ነበር። እንግሊዞች የተማሪውን መዝገብ ከግብር መዝገብ ጋር አገናኝተው የምሩቃንን ገቢ በየዩኒቨርሲቲውና በየሙያው ማሳተም ከጀመሩ ቆይተዋል። ለዚያ የሚያስፈልገው ጥሬ መረጃ በእኛም ቤት በየወሩ ይሰበሰባል።

የመግቢያው ቁጥር ግን በጩኸት ይነገራል፤ በቅርቡ ደግሞ አስደነገጠ። የፈተና ስርቆት ሲበዛ የ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ እንዲሰጥ ተደረገ፤ ከ896,520 ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ሆኑ። 3.3 በመቶ ማለት ነው። የ2015ቱ 3.2፣ የ2016ቱ 5.4፣ የ2017ቱ ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ። በ1940ዎቹ በሩን ያጠበበው የተማሪ ብቻ ሳይሆን የወንበርም ማነስ ነበር፤ አሁን ወንበሩ ባዶ ሆኖ የሚቀመጥበት ታጣ። ለዚህም ነው የሪሚዲያል ትምህርት የተጀመረው፤ ግማሹን ያላገኘው ተማሪ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሁለተኛ ደረጃን በአጭሩ ይከልሳል። ይህን ቁጥር የዩኒቨርሲቲ ጥራት ማሳያ አድርገው የሚያቀርቡት ሰዎች ስሕተታቸው ከባድ ነው። ቁጥሩ የሚናገረው ከታች ስላሉት ትምህርት ቤቶች ነው።

በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ደግሞ የመውጫ ፈተና ለሁሉም ሙያ ተጀመረ። በመጀመሪያው ዙር ከተፈተኑት 150,184 ተማሪዎች ያለፉት 61,054 ናቸው፤ ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች 62 በመቶ ገደማ፣ ከግል ኮሌጆች 17 በመቶ። ከክሪስማስ ግራጁዌት ዘመን ጋር ሳነጻጽረው ልቤን የሚያሳዝነው ነገር አለ። ያኔ የሚወድቀው ልጅ በአንድ መንፈቅ ይወድቅ ነበር፤ አሁን ግን አራት ዓመት ተምሮ፣ ጋዋን ለብሶ ፎቶ ተነሥቶ፣ እናቱ ዘፈን ዘፍናለት የሚወድቅ አለ። ፈተናው ተማሪው ምን እንደሚያውቅ ይለካል፤ ያም ጥሩ ነው። ቀጣሪ መኖሩን ግን አይለካም። ፈተናውን ያለፈውም የጋዜጣው ምትክ የሆነውን የቴሌግራም ቻናል እየከፈተ አሁንም «0 ዓመት» ይፈልጋል።

ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የአንደኛ ዲግሪ መነሻ ደመወዝ ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል፤ በጊዜው የባንክ ምንዛሪ 80 ዶላር ገደማ ነው። አዲስ አበባ ላይ ከኪራይና ከትራንስፖርት የሚተርፈውን እያንዳንዱ ያውቀዋል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራሱ ደግሞ በ2016 ዓ.ም. ራስ ገዝ ሆኗል፤ የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣል፤ ከፍሎ የሚማርም ተማሪ ይቀበላል። ተማሪ ከፋይ ከሆነ የሚጠይቀው ጥያቄ ይለወጣል።

ባለፈው ዓመት የእህቴ ልጅ ምርጫ ልትሞላ ስትል ወረቀቷን ይዛ መጣች። «አጎቴ፣ ከእናንተ ዲፓርትመንት የወጡት አሁን የት ናቸው?» አለችኝ። የመቁረጫ ነጥቡን ልነግራት እችል ነበር፤ እሱን አይደለም የጠየቀችው። ደብተር አስመጣሁና ከባቼ የማስታውሳቸውን ስም በአንድ ወገን፣ ያሉበትን በሌላ ወገን ጻፍኩላት። ሁለቱ ባንክ፤ አንዷ የግል ትምህርት ቤት መምህር፤ አንዱ የአባቱን ሱቅ ይዟል፤ ሦስቱ አሜሪካ፤ አንዷ ዱባይ፤ አንዱ አርፏል። ከዘጠኝ ሰው በኋላ ቆምኩ። ስንመረቅ ስልሳ ሁለት ነበርን። እሷም በጣቷ ቆጠረችና የቀሩትን ሃምሳ ሦስት መስመሮች ባዶ እንዳሉ ትታ ደብተሩን ይዛ ሄደች።